ነጭ በነጭ፦ የጥንቱ የእንግሊዝ ባለገመድ ስፌት፣ ከጨርቅ ምርጫ እስከ እጥበት

ሁለት ነጭ ጨርቅ ይደራረብና በጥንድ መስመር ይሰፋል፤ በመስመሮቹ መካከል ቀጭን የጥጥ ገመድ ይገባል። ገመዱ ያለበት ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ስፌቱ ያለበት ጎድጎድ ይላል። ቀለም የለውም። አበባውን፣ ሐረጉንና ቅጠሉን የሚያሳየው ከጎን የሚመጣ ብርሃን የሚጥለው ጥላ ብቻ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ዕቃ ይዞ ይህን ያህል የሚያምር ሌላ የመርፌ ሥራ አላውቅም፤ ስለዚህ አሠራሩን ከነምክንያቱ ላስረዳ።

ሥራው በእንግሊዝ አገር የገነነው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 18ኛው አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። የወንዶች ሰደሪያ፣ የሴቶች ጉርድና ቆብ፣ የሕፃናት ቆብ፣ የትራስና የአልጋ ልብስ በዚህ መንገድ ይሠራ ነበር። ሙያው ግን የእንግሊዞች ብቻ አልነበረም። ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሲሊ ውስጥ የተሠራ፣ የአፈ ታሪኩን ጀግና የትሪስታንን ታሪክ በሥዕል የሚተርክ ትልቅ ልብስ አለ፤ ሊነን ላይ ተሰፍቶ ቅርጾቹ በጥጥ የተሞሉ ናቸው። ኋላ በደቡብ ፈረንሳይ የማርሴይ ከተማ በዚህ ሥራ ስሟ ገነነ፤ ከህንድ ቤንጋልም የተጠለፉ የአልጋ ልብሶች በመርከብ ወደ አውሮፓ ይገቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ደግሞ የእንግሊዝ ሸማኔዎች ይህንኑ የሚመስል ባለ እብጠት ጨርቅ በመሸመኛ ማውጣት ቻሉ። በመርፌ ወራት የሚፈጀው በመሸመኛ በአጭር ጊዜ ሲያልቅ የእጅ ሥራው ገበያ እየጠበበ ሄደ። ዛሬ ወንዶች በትልልቅ ግብዣዎች ላይ ከነጭ ቦው ታይ ጋር የሚለብሱት ሸሚዝ፣ ደረቱ ላይ ያለው ሻካራ ነጭ ጨርቅ የዚያ የመሸመኛ ሥራ ዘር ነው።

ኩዊልት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሦስት ድርብ ነው፤ ላዩ ጨርቅ፣ መሃሉ ባዘቶ፣ ታቹ ገበር። ይኼኛው ባዘቶ የለውም። ስለዚህ ከእሱ ብዙ ሙቀት አይጠበቅም፤ የሚሰጠው ቅርጽና ጥንካሬ ነው። ሰደሪያው ደረት ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ቆቡም ሳይልፈሰፈስ ራስ ላይ የሚቀመጠው ጎን ለጎን በተደረደሩት ገመዶች ነው።

ከዚህ በታች በሁለት የስፌት መስመር መካከል ያለውን ጠባብ ክፍተት «ቦይ» እለዋለሁ። የሥራው ምስጢር በአንድ ነገር ላይ ያርፋል፤ ገመዱ ቦዩን ጥርቅም አድርጎ መሙላት አለበት። ገመዱ ቀጥኖ ቦዩ ከሰፋ ጨርቁ ላዩ ላይ ይሸበሸባል፣ ጥላውም ይደበዝዛል። ገመዱ ከወፈረ ደግሞ ጨርቁ ይኮማተራል፣ ስፌቱም ይወጠርና አንድ ቀን ይበጠሳል። የጨርቅ ምርጫውም፣ ሙከራውም፣ አሰፋፉም የሚመራው በዚህ ነው።

ዕቃው

ለላይኛው ገጽ የሚበጀው ሽመናው ጠበቅ ያለ፣ ስስና ለስላሳ ጨርቅ ነው። የጥንቶቹ በብዛት የሠሩት ከተልባ ግንድ ጭረት በሚፈተለው ሊነን ነው። ሊነን ውድ ነው፤ ካልተገኘ ንጹሕ የጥጥ ፖፕሊን ይሆናል። ፖሊስተር የተቀላቀለበትን አይግዙ፤ ይንሸራተታል፣ ገመዱንም አቅፎ አይዝም። ሻጩ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ካለ ከጠርዙ አንድ ክር ይምዘዙና በክብሪት ያቃጥሉት፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ተቃጥሎ ለስላሳ አመድ ይተዋል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል።

ለታችኛው ጨርቅ ትንሽ ሳሳ ያለ ሽመና ይመረጣል። አዲስ አበባ ላለ ሰው አቡጀዲ ይበቃል፤ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው የእጅ ሽመና ደግሞ በተለይ ኋላ ለምነግርዎት ለሁለተኛው መንገድ የተመቸ ነው፣ ምክንያቱም ድርና ማጉን በመርፌ ጫፍ ገለጥ አድርጎ መልሶ መግጠም ይቻላል።

ገመዱ ለስላሳ፣ ከጥጥ የተሠራና ብዙ ያልከረረ ይሁን። ጠንክሮ የከረረ ሲባጎ በጨርቁ ላይ መስመሩን ያሳብቃል፣ ሲታጠፍም ይሰበራል። በእጅ የተፈተለ ማግ ካገኙ ስድስት ስምንቱን ክር አንድ ላይ ላላ አድርገው ያክርሩት፤ ከፋብሪካ ገመድ የተሻለ ይሆናል። ውፍረቱን ለመለካት እርሳስ ላይ 10 ጊዜ ጎን ለጎን አጠጋግተው ይጠምጥሙትና የያዘውን ርዝመት በማስመሪያ ይለኩ። 20 ሚሊ ሜትር ከያዘ ገመድዎ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ሌላ ጠንካራ ነጭ የጥጥ ወይም የሊነን ክር፣ ክሩን የሚያሹበት ሰም፣ ቀጭንና አጭር የስፌት መርፌ፣ ጫፉ ደንዘዝ ብሎ ዓይኑ ሰፊ የሆነ ወፍራም መርፌ፣ ወስፌ፣ ጣት ላይ የሚጠለቅ የስፌት ቆብ፣ ትንሽ ስለታም መቀስና የጥልፍ ፍሬም ያስፈልጋል። ገመዱን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፈው በደንብ ያጥቡትና ያድርቁት። ያልታጠበ ገመድ ኋላ ጨርቁ ውስጥ ሆኖ ሲያጥር ሥራውን በሙሉ ይሰበስበዋል። ጨርቁን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ለዘብ ባለ ውኃ ማጠብ ይበቃል፤ በመጨረሻው እጥበት ትንሽ ቢሰበሰብ ገመዱን ይበልጥ ስለሚያጠብቀው ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

አስቀድሞ ሙከራ

ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፤ እርስዎ ግን እባክዎ አይዝለሉት። ከሁለቱም ጨርቅ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡ። መሃሉ ላይ በየ3 ሚሊ ሜትሩ ትይዩ መስመሮች አስምረው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይሙሉ፤ ከዚያ ከታች በማሳየው መንገድ እየሰፉ በየቦዩ ገመድ ያስገቡ።

ለ2 ሚሊ ሜትር ገመድ የ3 ሚሊ ሜትር ቦይ ለምን? ጨርቁ ጠፍጣፋ ሆኖ አይቀርምና ነው። ከላይና ከታች ሆኖ ድቡልቡሉን ገመድ ያቅፋል፤ የሚጓዘው መንገድ ከገመዱ ውፍረት ይረዝማል። በዚህም የተነሣ ገመድ የገባበት ጨርቅ በስፋቱ በኩል መሰብሰቡ አይቀርም። ሙከራው ሲያልቅ ያንኑ ስፋት መልሰው ይለኩት። 10 ሴንቲ ሜትር የነበረው 9 ከሆነ፣ ተሠርቶ ሲያልቅ 20 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን የሚፈልጉትን ንድፍ 22 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር አድርገው መሣል አለብዎት። የሚሰበሰበው ቦዮቹን አቋርጦ በሚሄደው አቅጣጫ እንጂ በገመዱ ርዝመት በኩል እምብዛም አይደለም፤ ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተደረደሩ መስመሮች የበዙበት ንድፍ ካሬውን አራት ማዕዘን ወደ ጠባብ ይቀይርብዎታል። የጥንት ሥራዎች ሐረግና ጥምዝ መብዛቱ ለዓይን ብቻ አልነበረም፤ በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር መስመር ጨርቁን በሁሉም ወገን እኩል ይሰበስበዋል።

ሙከራውን መስኮት አጠገብ ወስደው፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመታው አዘንብለው ይዩት። ገመዶቹ ጥርት ብለው ከታዩ ልኩ ተገኝቷል። ላዩ ላይ ጥቃቅን ሽብሽብ ካለ ቦዩን በግማሽ ሚሊ ሜትር ያጥብቡ ወይም ገመዱ ላይ አንድ ክር ይጨምሩ። ጨርቁ እንደ ካርቶን ከገተረ ደግሞ ክር ይቀንሱ።

ንድፉ

ለመጀመሪያ ሥራ አንዲት ባለ ስምንት ቅጠል አበባ መሃል ላይ፣ ከእሷ የሚወጡ አራት ጥምዝ ሐረጎች፣ ዙሪያውን ደግሞ ሦስት ትይዩ ቦዮች ያሉት ጠርዝ በቂ ነው። የትራስ ፊት ወይም የትንሽ ቦርሳ ክዳን ይሆናል። በወረቀት ላይ ሲሥሉ እያንዳንዱን መስመር ጥንድ አድርገው ይሣሉት። አንዱ ሐረግ ሌላውን የሚያቋርጥበትን ቦታ፣ የቱ ገመድ ሳይቋረጥ እንደሚያልፍና የቱ እዚያ እንደሚቆም አሁኑኑ ወረቀቱ ላይ ይወስኑ። መርፌ ይዞ መወሰን ያስቸግራል።

ንድፉን ወደ ጨርቁ ለማስተላለፍ የጥንት ሰዎች ወረቀቱን በመርፌ ይበሱና ቀዳዳው ላይ የከሰል ዱቄት በትንሽ ከረጢት እየነሰነሱ ነጠብጣብ ያወጡ ነበር፤ ከዚያ ነጠብጣቡን በብዕር ያገናኙታል። ዛሬ ወረቀቱን የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፎ፣ ጨርቁን ከላይ አድርጎ በተሳለ ጠንካራ እርሳስ ስስ አድርጎ መቅዳት ይቀላል። በውኃ የሚለቀውን ሰማያዊ የጨርቅ ብዕርም መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ ቀለሙ ሳይለቅ ካውያ እንዳይነካው። ሙቀት ካገኘው እዚያው ይቀራል።

መሸለል

ጨርቆቹን ከንድፉ በየጎኑ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አስበልጠው ይቁረጡ። የሁለቱም ድር በአንድ አቅጣጫ ይሁን፤ አንዱ ዘመም ካለ በእጥበት ጊዜ እየተጣመመ ይወጣል። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከመሃል ወደ ውጭ፣ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ በሰፋፊ ጊዜያዊ ስፌት እየሸለሉ ያያይዟቸው። ስፒል ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱ ድርቦች ቀስ እያሉ ይሸሻሉ። ለመሸለያ ባለ ቀለም ክር አይጠቀሙ፣ ቀለሙ ነጩ ላይ ሊቀር ይችላል።

ስፌቱ

ይህን ሥራ ለመሥራት ሁለት መንገድ አለ። በኋለኛው ዘመን በብዛት የተለመደው ቦዮቹን በሙሉ አስቀድሞ ሰፍቶ ገመዱን ከጀርባ በመርፌ መሳብ ነው። ከጥንቶቹ ሥራዎች መካከል ግን ገመድ የገባበት ምንም ቀዳዳ ጀርባቸው ላይ የማይታይ አሉ። በእነዚህ ገመዱ ጎን ለጎን ከስፌቱ ጋር እየተቀመጠ ነው የተሠራው። እኔ የማስቀድመው ይህንን ነው። ቦዩን የሚለካው ራሱ ገመዱ ስለሆነ ልኩ አይስትም፣ ጥላውም የጠራ ይሆናል።

ክሩን ከአንድ ክንድ ሳያስበልጡ ቆርጠው ሰም ይቀቡት፤ የረዘመ ክር ጨርቁ ውስጥ ሲመላለስ ይላጣል። ቋጠሮ አይቋጥሩ። መርፌውን ገና ገመድ በሚገባበት ቦይ ውስጥ ከሩቅ አስገብተው ጫፉን እዚያው ይደብቁት፤ ኋላ ገመዱ ይጫነዋል።

አሰፋፉ ተመላሽ ስፌት ነው። መርፌው ከሥር ወጥቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለስና የቀደመው ስፌት ባለቀበት ቀዳዳ ላይ ይገባል፤ ከዚያ ከሥር ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ይወጣል። ከላይ ሲታይ ክፍተት የሌለው መስመር ይሆናል። ሽልል ስፌት እዚህ አይሠራም፣ ምክንያቱም በየስፌቱ መካከል ጨርቁ ነጻ ስለሚሆን ገመዱ እዚያ እዚያ ያብጣል፣ ጥላውም ይቆራረጣል። የእያንዳንዱ ስፌት ርዝመት ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከትንሽነቱ ይልቅ እኩል መሆኑ ይበልጣል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። የመጀመሪያውን መስመር ገመድ ሳይኖር እስከ መጨረሻው ይስፉ። ይህ የቦዩ አንዱ ግድግዳ ነው። ከዚያ ሁለቱን ጨርቅ በጠርዝ በኩል ከፈት አድርገው ገመዱን በመካከላቸው ያስገቡና በወስፌው ጎን እየገፉ ከሰፉት መስመር ጋር ያጣብቁት። የግራ እጅዎ አመልካች ጣት ከሥር ሆኖ ገመዱን ወደ ላይና ወደ ግድግዳው ይደግፈዋል፤ የአውራ ጣት ጥፍር ደግሞ ከላይ፣ ከገመዱ ማዶ ያለውን ጨርቅ ወደ ታች ይጫናል። ጥፍርዎ የጫነው ቦታ ላይ ስስ ጎድጓዳ መስመር ይታያል፤ ሁለተኛው ስፌት የሚያልፈው እዚያ ላይ ነው። የእርሳሱ መስመር ትንሽ ወዲያ ቢቀር አይጨነቁ፣ ገመዱን ይከተሉ። በግራ እጅ የሚሰፋ ሰው ይህንን ሁሉ ይገለብጠዋል።

በዚህ በሁለተኛው ግድግዳ ላይ በመርፌው ጨርቁን እየዛቁ አይስፉ፤ ቀጥ አድርገው ወደ ታች ይውጉ፣ ይሳቡ፣ ከሥር ቀጥ አድርገው ይመልሱ። ሲወጉ የመርፌው ጫፍ ከገመዱ ጎን ተንሸራቶ ማለፉን በጣትዎ ይሰማዎታል። ገመዱን ከወጋው ሌላ ዓይነት መጎተት አለው፣ ክሩም ጎርበጥ እያለ ይመጣል፤ ያኔ ስፌቱን መልሰው ይፍቱ። የተወጋ ገመድ እዚያ ላይ ተቸንክሮ ስለሚቀር በአንዱ ወገን ያብጣል፣ በሌላው ይሳሳል። በየአምስት ስድስት ስፌቱ ቆም ብለው ጨርቁን በሁለት እጅ በሰያፍ ሳብ ለቀቅ ያድርጉት፤ ገመዱ ይደላደላል፣ ክሩም ከልክ በላይ ተወጥሮ ከነበረ ይታወቃል።

ትይዩ ቦዮች ላይ ሥራው ይፈጥናል። የመጀመሪያው ቦይ ሁለተኛ ግድግዳ ለሚቀጥለው ቦይ አንደኛ ግድግዳ ይሆናል፤ ስለዚህ ለሦስት ቦይ የሚያስፈልገው አራት መስመር ብቻ ነው። ግን አቅጣጫውን ይቀያይሩ፤ አንዱን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ከሰፉ ቀጣዩን ከቀኝ ወደ ግራ። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከተሰፋ ላይኛው ጨርቅ እየተገፋ ይሄድና ጠርዙ ላይ ይጣመማል።

ፍሬም መጠቀምን በተመለከተ፣ ለዚህ መንገድ ጨርቁ እንደ ከበሮ መወጠር የለበትም። ጣትዎ ገመዱን ማንሣት እንዲችል ላላ ይበል፤ ብዙ ጊዜ በባዶ እጅ መያዝ ይሻላል።

ማዕዘን፣ መስቀለኛና ጫፍ

ባለሙያ ከጀማሪ የሚለየው እዚህ ነው።

ጥምዝ ላይ ገመዱን አይወጥሩ። በውስጠኛው ወገን ስፌቱን አሳጥረው፣ በውጭኛው ትንሽ አርዝመው ገመዱ በራሱ ፈቃድ እንዲዞር ይተዉት። ሹል ማዕዘን ላይ ገመዱ ሲታጠፍ ክርኑ ጋ ይወፍራል። መፍትሔው በማጠፊያው ቦታ ገመዱን ፈታ አድርጎ ከክሮቹ መካከል አንዱን ወይም ሁለቱን ከውስጥ መቁረጥ ነው። ከዚያ የውጭኛውን ማዕዘን በአንዲት ስፌት ጫፉ ላይ ጥብቅ አድርገው ይያዙት፤ ሹልነቱ የሚወጣው በዚያች ስፌት ነው።

ሁለት ገመድ ሲገናኝ አንዱ ይለፍ፣ ሌላው ይቁም። የሚቆመውን ገመድ በመስቀለኛው ወዲህና ወዲያ ግድግዳውን ታክኮ ቆርጠው ይግጠሙት። ሁለቱን አንዱን ባንዱ ላይ ማሳለፍ ጉብታ ይፈጥራል፤ ጉብታውም ከሁሉ ቀድሞ ያልቃል፣ ጨርቁ እዚያ ላይ ይፈገፈጋልና።

ቅጠል ላይ ከእንብርቱ ጀምረው ገመዱን ዙሪያውን አስኪደው ወደ ግንዱ ይመልሱት፤ ሁለቱ ጫፎች ግንዱ ውስጥ ይገናኛሉ። ሐረግ በሹሉ በሚያልቅበት ቦታ ደግሞ ገመዱን እንዳለ ድፍን አድርገው አይቁረጡት። የመጨረሻውን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይፍቱትና ክሮቹን አንዱን አጠር፣ ሌላውን ረዘም እያደረጉ ይቁረጡ። ቦዩም እየጠበበ ሲሄድ ጫፉ እየሳሳ ይጠፋል። የተቆረጠ ገመድ ጫፍ ድንገት ቀጥ ብሎ ሲያልቅ ማየት ዓይን ይወጋል።

ሥራውን ከመሃሉ አበባ ጀምረው ወደ ውጭ ይሂዱ፤ ጠርዙ መጨረሻ ይሁን። የሠሩትን ክፍል በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሸፍነው የሚሠሩበትን ብቻ ይግለጡ፤ እጅዎንም ቅባት እንዳይኖረው ደጋግመው ይታጠቡ።

ሁለተኛው መንገድ፦ ኋላ መሳብ

ንድፉ የተወሳሰበ ሲሆን ወይም እጅዎ ገና ሳይለምድ ይህ ይቀላል። ሁሉንም መስመር ፍሬም ላይ ወጥረው በተመላሽ ስፌት ይጨርሱ። ከዚያ ይገልብጡትና ደንዛዛውን መርፌ ገመድ አስገብተው ከጀርባ በኩል የሽመናውን ክር ገለጥ አድርገው ወደ ቦዩ ያስገቡ፣ ላይኛውን ጨርቅ እንዳይነኩ። መርፌው የሚደርስበት ድረስ ቦዩ ውስጥ ይሂዱና ይውጡ፤ እንደገና በወጡበት በዚያው ቀዳዳ ይግቡ። በየመውጫው፣ በተለይ ጥምዝና ማዕዘን ላይ፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ትንሽ ቀለበት ከውጭ ይተዉ። ይህ ገመዱ በእጥበት ጊዜ ቢያጥር የሚስበው ትርፍ ነው። ጥብቅ አድርጎ የተሳበ ገመድ ፊቱን ይሸበሽበዋል። ሲጨርሱ ቀዳዳዎቹን በመርፌ ጫፍ ድርና ማጉን እየገፉ ይዝጉ። የእጅ ሽመና ለታችኛው ጨርቅ መልካም ነው ያልኩት ለዚህ ነው፤ ፖፕሊን ላይ ቀዳዳው አይገጥምም።

በአንድ ድርብ ብቻ የሚሠራም አለ። ገመዱ ከጨርቁ ጀርባ ይቀመጥና ክሩ ከኋላ በገመዱ ላይ ወዲያና ወዲህ በሰያፍ እየተሻገረ ይይዘዋል፤ በየወገኑም አንዲት ትንሽ ተመላሽ ስፌት ይወጋል። ከፊት ሲታይ እንደ ሌላው ሁሉ ጥንድ መስመር ነው። ቀላል ስለሆነ ለቆብ ይመቻል፤ ከኋላ የሚታየውን ለመሸፈን ለብቻው ገበር ይደረግለታል።

መሙላትና መሬቱ

የአበባው መሃል ወይም የወይን ፍሬ የመሰለ ክብ ቅርጽ በገመድ አይሞላም። ለእሱ ባዘቶ ነው። ዙሪያውን ሰፍተው ከጀርባ በወስፌ የሽመናውን ክር ገለጥ ያድርጉና ባዘቶውን ጥቂት ጥቂት እየነጩ ይክተቱ፤ በመጀመሪያ ጠርዙን፣ በመጨረሻ መሃሉን። አንድ ጊዜ ጠቅልሎ የተከተተ ባዘቶ ድንጋይ ይሆናል።

በአበባዎቹ መካከል የሚቀረውን ባዶ መሬት የእንግሊዝ ሰፊዎች ባዶ አይተዉትም ነበር። አንዳንዱ በትይዩ ቦዮች ይሞላል፣ አንዳንዱ እንደ ትል በሚጥመለመል አንድ ወጥ ገመድ፣ ሌላው የሽመናውን ክር እየሳቡ በማጥበቅ ወንፊት በመሰለ ጥልፍ፣ ወይም በጥቃቅን የክር እንቡጦች። ለጀማሪ የሚጥመለመለውን እመርጣለሁ፤ ንድፍ አይፈልግም፣ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚዞርም ጨርቁን አያጣምምም። መሬቱ ጠበቅ ብሎ ሲሞላ አበባው ይበልጥ ብቅ ይላል።

እጥበትና ጠርዝ

የሸለሉበትን ክር ያውጡ። ሰማያዊ ብዕር ከተጠቀሙ በመጀመሪያ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ይንከሩት። ከዚያ ሰፊ ሳፋ ላይ ለዘብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና አድርገው ይዘፍዝፉ፤ በመዳፍ ይጫኑ እንጂ አይሹት፣ አይጭመቁት። ደጋግመው ያለቅልቁና በፎጣ ጠቅልለው ውኃውን ያስጠጡ። ከዚያ ሌላ ደረቅ ፎጣ ላይ ፊቱን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ጠርዙን በማስመሪያ እያቀኑ በዝገት የማይያዝ ስፒል ሰክተው ያድርቁት። ገመዶቹ ከእጥበት በኋላ አብጠው ሲወጡ ሥራው መልኩ ይለወጣል። ካውያ ፊቱ ላይ አያሳርፉ። የግድ ካስፈለገ ወፍራም ፎጣ ላይ በፊቱ ደፍተው ከጀርባ ለአፍታ ያሳልፉ።

ጠርዙን ለመጨረስ በሰያፍ የተቆረጠ ያንኑ ነጭ ጨርቅ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት አድርገው፣ ከፊት ሰፍተው ወደ ኋላ አጥፈው ይቀምቅሙት። ገመዱ ጠርዙ ድረስ ከመጣ ከስፌቱ ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ያህሉን ነቅለው ይቁረጡ፣ ካልሆነ ቅምቅማቱ ይጎረብጣል።

የጥንቱን ሥራ ለማየትና ለመጠበቅ

ለንደን ያሉ አንባቢዎች ዕድለኞች ናቸው። የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም መግቢያው በነጻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በምሥራቅ ለንደን በከፈተው የክምችት ማከማቻ ደግሞ ቀድሞ ቀጠሮ ይዞ ከክምችቱ ዕቃ አስወጥቶ በቅርብ ማየት ይቻላል። አሜሪካ ላሉ በቨርጂኒያ የሚገኘው ኮሎኒያል ዊሊያምስበርግ የተባለው ሙዚየም የዚያን ዘመን አልባሳት ሰፊ ክምችት አለው። ሁለቱም የክምችታቸውን ፎቶዎች ድረ ገጽ ላይ ስላኖሩ አዲስ አበባም ሆኖ አጉልቶ ማየት አያስቸግርም። ሲያዩ የፊቱን ውበት ብቻ አይዩ፤ ጀርባው ፎቶ ከተነሣ ገመዱ እንዴት እንደገባ፣ ጫፉ የት እንደተደበቀ ይፈልጉ።

ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የሚገዛ ሰው የእጁን ከመሸመኛው መለየት አለበት። በእጅ የተሰፋው ላይ ስፌቱ ሁለቱን ጨርቅ በስቶ ያልፋል፣ በጀርባው ረዘም ያሉ ተደራራቢ ስፌቶች ይታያሉ፣ ጥምዙም ለስላሳ ነው። በመሸመኛ የወጣው ላይ ስፌት የሚመስለው ራሱ ሽመናው ነው፤ አጉልቶ ለሚያየው ጥምዙ እንደ ደረጃ ጥርስ ጥርስ ይላል፣ ንድፉም ያለ አንዳች ልዩነት ይደጋገማል።

እንዲህ ያለ ዕቃ እጅዎ ከገባ በረኪና አያስነኩት፤ የሊነኑንና የጥጡን ጭረት ይበላዋል፣ ለጊዜው ነጭ ቢመስልም ኋላ እየተፈረካከሰ ያልቃል። አይስቀሉት፣ አጥፈውም አያስቀምጡት፤ ገመዱ በታጠፈበት መስመር ላይ ጨርቁ ይቀደዳል። ሰፊ ጥቅል ካርቶን ላይ ከአሲድ ነጻ የሆነ ስስ ወረቀት አልብሰው፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርገው ይጠቅልሉትና በታጠበ አቡጀዲ ይሸፍኑት። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አያስቀምጡ፣ እርጥበት ያፍናል።